ለአንድ እጅ ሦስት ሽጉጥ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አገር ቤት አልናፈቀህም ወይ?» እንዴት አይናፍቀኝም! ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው የጦሳን ተራራ ሳይናፍቅ ውሎ ያድራል እንዴ? ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ላይ ቆሜ ሮን ወንዝን ቁልቁል ሳይ ልቤ የሚሄደው ወደ ዙሪክ ነው። ሽዋመንዲንገን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የኪራይ ፎቅ ሥር፣ ዘይትና የተሞረደ እንጨት የሚሸት ምድር ቤት አለ። እዚያ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀምጬ ዓመታት ሽጉጥ ጠግኛለሁ። ከዚያ ወንበር የተነሣሁት በወጉ አልነበረም። ተመልሼ ልቀመጥበት እችል ይሆን ወይ የሚለው ሐሳብ፣ ጄኔቭ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ከውስጤ አልወጣም።

ባለቤቴ ዘይነባ ትስቅብኛለች። «ሰው አገሩን ይናፍቃል፣ እናቱን ይናፍቃል። አንተን ግን የሚናፍቅህ ሞርሳ ነው!» ትለኛለች። ብረት ጠርቅሞ የሚይዘውን የጠረጴዛ ሞርሳ ማለቷ ነው። ወላሂ ልክ ናት፣ ሞርሳም ይናፈቃል።

ሙያዬ የጦር መሣሪያ ጥገና ነው። ወጣትነቴን አዲስ አበባ በአንድ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ጨርሻለሁ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነገሩ ሲደፈርስ ወጣሁ። እንዴትና በየት የሚለውን ብጀምር ወደ ሽጉጡ አንደርስም፣ ይቅር። ዙሪክ ገብቼ ወረቀቴን ስጠብቅ ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። በኋላ የጽዳት ድርጅቱ ሽዋመንዲንገን ወደሚገኝ አንድ የመሣሪያ መሸጫና መጠገኛ ቤት ላከኝ። የላከኝ ወለል ላጸዳ ነው።

የቤቱ ባለቤት ኸር ብሩነር ይባላሉ፤ ኸር ማለት አቶ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ቅንድባቸው ዓይናቸው ላይ የወደቀ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ወለሉን ስወለውል ዓይኔ ጠረጴዛቸው ላይ መቅረቱን አዩ መሰለኝ፣ «ምን ታያለህ?» አሉኝ። በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛዬ ሙያዬን ነገርኳቸው። ደረቴን ነፍቼ ነው የነገርኳቸው። ምን ይደረግ፣ አልጋ ማንጠፉ ቆሽቴን አሳርሮት ነበር።

አንዲት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከነካቻቪቴው ሰጡኝና «ፍታና ግጠም» አሉ። ስድስት ጎራሽ ፈረንጆቹ ሪቮልቨር የሚሏት ናት፤ ጥይቶቹን የምትጎርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል እኛ ከበሮ እንላታለን። ፈታሁ፣ ገጠምኩ። ጉድ በል! ከበሮዋ አልዞር አለች። እኔ የለመድኩት ክላሽና ማካሮቭ ነው፤ እነሱ አሸዋ ቢገባባቸውም ደንታ የላቸውም። ስድስት ጎራሽ ግን ቅምጥል ናት። አንዲት ጥርስ ፀጉር ታህል ከተዛነፈች ታኮርፋለች። ላብ በላብ ሆኜ ካቻቪቴውን መለስኩላቸው።

አልሳቁብኝም። አንድ ቁራጭ ብረትና ሞረድ አምጥተው «ይህን ጠፍጣፋ አድርገው» አሉኝ። ወለሉን ከጨረስኩ በኋላ በየቀኑ እሞርዳለሁ። ብርሃን ላይ ያነሡትና «አሁንም ጎብጧል» ብለው ይመልሱልኛል። ያን ብረት በሕልሜ ሁሉ ሞርጄዋለሁ። ብረቱ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ቀን አዩት፣ አገላብጠው አዩት፣ ምንም ሳይሉ ኪሳቸው ከተቱት። የሥራ ፈቃዴ እንደመጣ ከእሳቸው ጎን ወንበር አስቀመጡልኝ። ደሞዙ ብዙ አልነበረም፣ ግን ቤት ኪራይ ከፍዬ ዘይነባን ለማስመጣት በቃኝ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ «ዝኑኒ» የሚሏት መክሰስ አለች። ኸር ብሩነር እጃቸውን ታጥበው ዳቦና አይብ በሰንጢ ይቆርጣሉ፣ ለእኔም ይገፉልኛል። የአሳማ ቋሊማቸውን አልበላም ካልኩበት ቀን ጀምሮ እሳቸውም ቋሊማ ይዘው መጥተው አያውቁም። ረመዳን ሲገባማ ዝኑኒው ራሱ ይቀራል። ለምን እንደቀረ ብጠይቃቸው «ዛሬ ዳቦ አላገኘሁም» አሉኝ። ዳቦ ቤቱ በራችን ላይ ነው እኮ! ወር ሙሉ ዳቦ የጠፋበት ሰፈር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲህ ዓይነት ሰው ናቸው።

ቤቱ የታወቀው በአንድ ነገር ነበር። ደንበኛ ይመጣና «ለአደን፣ ለቤቴ መከላከያና ለውድድር የሚሆኑኝን ጥቂት ስድስት ጎራሾች ምረጡልኝ» ይላል። ሌላ ሱቅ ቢሆን ከግድግዳው አውርደው ይደረድሩለት ነበር። ኸር ብሩነር ግን መጀመሪያ እጁን ይጨብጡታል፣ ከጨበጡም አይለቁም። ደንበኛው ግራ ገብቶት ያፈጣል። እሳቸው የመዳፉን ስፋት፣ የጣቱን ርዝመት፣ ላብ ያልበው እንደሆነ፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ በዚያች ሰላምታ ይለኩታል። ከዚያ ባዶ ሽጉጥ ያስይዙትና አፈሙዟ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው «ምላጩን ሳብ» ይሉታል። ሳንቲሙ ከወደቀ «ቤትህ ሄደህ ተለማመድ፣ ሽጉጡ የትም አይሄድም» ብለው ይሸኙታል።

ቁጥሯ ሁልጊዜ ሦስት ናት። ከሦስት በላይ የሚፈልግ ሰው «ሽጉጥ ሰብሳቢ ነህ፣ ወደ ጨረታ ሂድ» ይባላል። የአደኗ ሽጉጥ እንደስሟ አይደለችም፤ በስዊስ አገር አዳኝ የሚያድነው በጠመንጃ ነው። ሽጉጧ የምታስፈልገው ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባን አውሬ ተከታትሎ በቅርብ ስቃዩን ለመጨረስ ነው። እዚያ ቅርበት ላይ ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ መዶሻዋን የሚገፋው ሞላ ጠንካራ ይሆናል፤ የትኛውንም ጥይት ብታጎርሷት መተኮስ አለባት። የውድድሯ ሌላ ናት። እጅ እንዳይነቃነቅ ምላጯ ይለሰልሳል፤ እሱ እንዲለሰልስ ሞላው ይሳሳል፤ ሞላው ከሳሳ መዶሻው የሚመታው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ለእሷ የሚስማማት ከኋላዋ ያለው፣ ባሩዱን የሚለኩሰው የእሳት ቆብ ስስ የሆነላት ጥይት ብቻ ናት። የአደን ጥይት ቆቡ ጠንካራ ነው፣ እሷ አትችለውም።

የቤት መከላከያዋ መካከለኛ ናት። ዕድሜዋን የምትገፋው ካዝና ውስጥ ተቆልፎባት ነው፤ መንገድ ላይ ይዞ የመሄድ ፈቃድ የሚያገኝ ሰው እዚህ አገር ጥቂት ነው። ይህችን የሚገዛውን ሰው ኸር ብሩነር አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ «ማንን ትፈራለህ?» ሌባ ካለ፣ ብቻዬን ነኝ ካለ፣ እሺ። የሰው ስም ከጠራ ግን አለቀ። የወንድሙን ስም የጠራ አንድ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ኸር ብሩነር ቆሙ፣ ካፖርቱን አቀበሉትና በሩን ከፈቱለት። ሰውዬው እስከ ትራሙ ማቆሚያ ድረስ ሲሳደብ ይሰማን ነበር።

የእሳቸው ጥበብ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስቱን ሽጉጦች በውስጥ ለያይተው በውጭ አንድ ያደርጓቸዋል። ጥይታቸው አንድ ልክ፣ አፈሙዛቸው እኩል፣ ክብደታቸው እኩል፤ እጀታቸውን በዚያ ሰው መዳፍ ልክ ራሳቸው ይቀርጹታል። «እጅ ሦስት ጊዜ መማር የለበትም» ይላሉ። እጀታው የእሳቸው ነው፣ የውስጡ ሞላና ምላጭ የእኔ። እሳቸው እንጨት ሲልጉ እኔ ብረት ስሞርድ፣ ሬዲዮ የለም፣ ወሬ የለም፣ ቀኑ ያልቃል። ከዚያ የበለጠ ደስታ ዓይቼ አላውቅም፤ ዘይነባ እንዳትሰማ እንጂ።

ከሠራናቸው ሁሉ የበለጠችው የልጃቸው የኡርሱላ ሦስት ነበረች። ኡርሱላ እንደ አባቷ ዝምተኛ አይደለችም፤ ስትገባ ቤቱ ይናጋል። ውድድር ላይ አንደኛ ከሚወጡት ናት። ደግሞ ቆስሎ የጠፋ አውሬ ሲኖር ከውሻዋ ጋር ፈልጋ የምታገኘው እሷ ናት፤ ፖሊስ ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው። የእሷን ሦስት ስንሠራ ኸር ብሩነር እንደገና የተወለዱ መሰሉ። የጨረስን ቀን ዓይኗን በፎጣ አሰሯትና ባዶዎቹን ሽጉጦች አንድ በአንድ አስያዟት።

«የቱ ነው?» አሏት።

«የጫካው።»

«አይደለም።»

«የውድድሩ?»

«አይደለም!»

ምላጩን ካልሳበች በቀር ልትለያቸው አልቻለችም። በዓይን የሚለዩት ከእጀታው ሥር ባለች ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው። ኸር ብሩነር ሳቁ። ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔንም ትከሻዬን መታ አድርገው «ሰዒድ፣ ሠራነው» አሉኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

በቀጣዩ ዓመት መከር ሲያልቅ ነው፣ ጭጋግ ባለበት ጠዋት። መኪና የገጨው የዱር አሳማ ቆስሎ ጫካ ገባ ተብሎ ለኡርሱላ ተደወለ። ካዝናዋን ከፈተች፣ እጇን ሰደደች፣ እጇ ያገኘውን ሽጉጥ ያዘች። እጇ የለመደው ነው፣ ለምን ትጠራጠር? ኮቷ ኪስ ውስጥ ባለው የአደን ጥይት ሞላችውና ወጣች። ውሻዋ አሳማውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘው። አሳማው ዞሮ መጣ። ምላጩን ሳበች። ቋ! አለ እንጂ አልተኮሰም። ደግማ ሳበች። ቋ!

የያዘችው የውድድሯን ነበር።

አሳማው ውሻውን ገደለው። ውሻዋን ላድን ብላ የዘረጋችውን ቀኝ እጇንም ከአንጓው በላይ ዘነጠለው። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሷ ተረፈች። ሐኪሞቹ ቆዳውን ሰፉት፣ ጅማቱን ግን እንደነበር ሊመልሱት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የቀኝ እጇ ጣቶች መጨበጥ ተዉ።

ሽጉጡ ወደ እኛ ጠረጴዛ ተመልሶ መጣ። ኸር ብሩነር ያልተኮሰውን ጥይት አውጥተው በአጉሊ መነጽር አዩት። የእሳት ቆቡ ላይ ቁንጫ የነከሰው የሚመስል ትንሽ ጠባሳ ነበር፤ መዶሻው ነክቶታል፣ አልሰበረውም። ለእኔም አቀበሉኝ። እኔ ያሳሳሁት ሞላ ልክ እንደታዘዘው ሠርቷል። እሳቸው የቀረጹት እጀታም ልክ እንደታሰበው ሠርቷል። ሁለታችንም ያልተበላሸ ሥራ ይዘን ቆመናል።

«ልክ እንደፈለግነው ነው የሠራነው» አሉ። ከዚያ መብራታቸውን አጥፍተው ከላይ ወዳለው ቤታቸው ወጡ።

ምነው ቢቆጡኝ! ምነው ሞረዱን አንስተው ቢወረውሩብኝ! ዝም አሉ። በማግስቱም ዝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ዳቦዬን ቆርጠው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና የራሳቸውን ይዘው ፎቅ ይወጣሉ። እኔ የገባኝ «ብላ፣ ግን ዓይንህን ላየው አልፈልግም» የሚሉኝ መስሎ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ትልቁን ካስቀየመ ፊቱን ያርቃል። ትልቁ እስኪያስጠራው ይጠብቃል፣ ወይ ሽማግሌ ይልካል። ዙሪክ ውስጥ ለፈረንጅ የሚላክ ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ኢማሙን ልላክ? ስለዚህ ፊቴን ማራቅ ብቻ ቀረኝ። ጄኔቭ ሥራ ፈለግሁ፣ አገኘሁ። ለኸር ብሩነር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መሣሪያዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ትራሙ ውስጥ አለቀስኩ፤ አንዲት አሮጊት ሶፍት ሰጠችኝ።

ጄኔቭ የተቀጠርኩበት ቤት ባለቤት ሙሴ ፋቭር፣ ሙሴው የፈረንሳይኛው አቶ ነው፣ አፉ የማያርፍ፣ መሸጥ የሚወድ፣ ደግ ሰው ነበር። ፈረንሳይኛውን እንደ ሕፃን ከሀ ጀመርኩ። ደንበኛውም ሌላ ነው። ጄኔቭ ውስጥ አደን የለም፤ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ከከለከለው ቆይቷል። ለአደን የሚገዙት ወደ ጎረቤት ካንቶን፣ ክፍለ ሀገር እንደማለት ነው፣ ወይ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው የሚያድኑት ናቸው። የተቀሩት ከሥራ በኋላ ኢላማ የሚተኩሱ የባንክና የቢሮ ሰዎች ናቸው። ሦስት ሽጉጥ መምረጡን ግን አልተውኩም። የእኔ ሦስት ከእሳቸው ሦስት ተለየች። የአደኗን እጀታ ሻካራ አደርገዋለሁ፣ በሞረድ ፍርግርግ አበጅቼለት። የውድድሯን ልሙጥ አደርገዋለሁ። የቤቷ ላይ ለመሃል ጣት አንድ ጎድጓዳ አወጣለሁ። እጅ ሳያይ የነካትን ያውቃል።

አንድ ቀን የአገራችን ሰው መጡ፤ አቶ መኮንን ይባላሉ፣ ከዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ በአንዱ የሚሠሩ፣ የተኩስ ክበብ አባል።

«አቶ ሰዒድ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው የምፈልገው፣ ፐርፌክት ስብስብ» አሉኝ። «ዙሪክ እንደዚያ አድርገው የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ነበሩ» ሲሉ ሞረዱን አስቀመጥኩ። «ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ሱቁን ዘግተዋል አሉ። ምነው፣ ያውቋቸዋል እንዴ?»

«አውቃቸዋለሁ። እኔ ግን አንድ ዓይነት አልሠራም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ለምን? ያምራል እኮ!»

«ማማሩን ያምራል» አልኳቸው። ሙሴ ፋቭር ደንበኛ ልታባርር ነው ብሎ ከወዲያ ጥግ ዓይኑን ያጉረጠርጥብኛል። አቶ መኮንን ግን ጨዋ ሰው ናቸው፣ የእኔን ሦስት ወሰዱ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እራት አልበላሁም። እጀታ በጨረስኩ ቁጥር የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኸር ብሩነር ይህን በእጃቸው ነክተው «እሺ» ቢሉኝ። አንዲት «እሺ»። አላህ ያውቃል፣ ሌላ ምንም አልተመኘሁም።

ጡረታ ወጣሁ። ቤት ውስጥ የበሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባሁ። የምቀባው ሲያልቅ ዘይነባ መረራት።

«ሂድና ጠይቃቸው» አለችኝ።

«ሳይጠሩኝ?»

«ሰርግ ነው እንዴ የሚጠሩህ? ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ዛሬ አሉ ነገ የሉም። ቀብራቸው ላይ ልትደርስ ነው የምትጠብቀው?»

ሦስት የእንጨት እጀታዎች፣ ሻካራውን፣ ልሙጡንና ባለጎድጓዳውን፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ባቡር ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ የባቡሩ ማስታወቂያ ከፈረንሳይኛ ወደ ጀርመንኛ ሲቀየር ጨርቁን ፈትቼ እጀታዎቹን እንደገና ቆጠርኳቸው። ሽዋመንዲንገን ስደርስ የሱቁ መስታወት የኢንሹራንስ ቢሮ ሆኗል። ደወሉ ላይ ግን ብሩነር የሚል ስም አለ።

በሩን የከፈተችው ኡርሱላ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ግራ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ሰዒድ! ኧረ ግባ፣ ምን ትቆማለህ!» አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ኸር ብሩነር መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥላ እንጂ ሰው አያዩም። ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉ። እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ ይቅር ይበሉኝ ልል አስቤ ነበር፣ ጀርመንኛው ጠፋኝ። እጀታዎቹን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን አነሡ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«የጫካው» አሉ። ሁለተኛውን አነሡ። «የውድድሩ።» ሦስተኛውን። «የቤቱ።» ሻካራውን መልሰው አነሡ። «ይህ ነበር የጎደለው» አሉ። «እኔ ነኝ ያላሰብኩት። እጀታው የእኔ ሥራ ነው።»

«ሞላው የእኔ ነው እኮ፣ ኸር ብሩነር» አልኳቸው።

«ሞላው ምን አደረገ? ሞላው ትክክል ነው። አንተ ለምን ሄድክ?»

«ከእኔ ጋር መቀመጥ ተዉ። ተጠየፉኝ ብዬ ነዋ።»

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። «ዓይንህን ለማየት አፍሬ ነው።»

ኡርሱላ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «ሁለት ጅሎች» አለችን። እያለቀሰች ነው የምትሰድበን። «እኔ ነኝ ነጥቡን ሳላይ የወጣሁት። እኔን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም!»

ሦስታችንም አለቀስን። እኔ ስዊስ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ሲያለቅሱም በጸጥታ ነው።

ከዚያ ኡርሱላ ነገረችኝ። በግራ እጇ መተኮስ ጀምራለች። ለግራ የሚሆን እጀታ ግን የላትም፤ የአባቷ ዓይን አይችልም፣ እሳቸው ደግሞ ሌላ ባለሙያ ሽጉጦቿን እንዲነካ አይፈቅዱም። ኸር ብሩነር ብድግ ብለው ክንዴን ያዙ። ደረጃውን ራሳቸው እየመሩኝ ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ሱቁ ሌላ ቢሆንም ምድር ቤቱ እንዳለ ነው፤ ዘይቱም እንጨቱም ይሸታል። ወንበሬ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። አቧራ የለበትም።

በየሳምንቱ ከጄኔቭ ዙሪክ መመላለስ ጀመርኩ። ዘይነባ «ጡረታ ወጣ የተባለው ማን ነው?» ትላለች፣ ስንቄን ግን ትቋጥርልኛለች። የኡርሱላን ግራ እጅ ለክቼ መጀመሪያ የውድድሩን ሠራሁ። ኸር ብሩነር አጠገቤ ተቀምጠው በየደቂቃው «አምጣ» ይሉኛል፣ ይዳስሳሉ፣ «እዚህች ጋ ትንሽ» ይላሉ። ዓይናቸው የጠፋ ሰው እኔ በመነጽር ያላየሁትን እብጠት በጣታቸው ያገኙታል። እበሽቃለሁ፣ እስቃለሁ፣ እሞርዳለሁ። ቀጥሎ የጫካውን ሠራሁ። እሱን ሲዳስሱ ጣታቸውን በፍርግርጉ ላይ ደጋግመው አመላለሱት፣ ከዚያ «እሺ» አሉ። ኡርሱላ ያን ሽጉጥ ይዛ፣ አዲስ ውሻ አስከትላ ጫካ ገባች። በሰላም ተመለሰች።

የቤቱን እጀታ ስጀምር ኸር ብሩነር አልጋ ላይ ዋሉ። በረዶው ሳይቀልጥ ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አገሬን ለቅቄ ስወጣ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የት ይገኛል? ዛሬም ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል የትም ብሆን ሥራዬን አቆማለሁ፤ ጎኔ ባዶ መሆኑ ያን ሰዓት ያመኛል።

ዙሪክ መሄዴን ግን አልተውኩም። ሦስተኛው እጀታ አለ። ምድር ቤቱ እገባለሁ፣ እንጨቱን ሞርሳው ላይ አስራለሁ፣ ሞረዱን አሳልፍበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ኡርሱላ ወርዳ ከኋላዬ ቆማ ታየኛለች። ሞረዱ እንጨቱን ሳይነካ ከላይ ከላይ ሲሄድ ዓይታዋለች።

«ሰዒድ፣ ይህ እጀታ እኮ ካለቀ ቆየ» አለችኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኳት። ፊቴን አላዞርኩም።

እጀታውን ከሞርሳው አወጣችና በግራ እጇ ጨበጠችው። ጎድጓዳዋ መሃል ጣቷን ልክክ አድርጋ ተቀበለቻት። ፈታ አድርጋ ደግማ ጨበጠችው።

«አዎ፣ ትንሽ ይቀረዋል» አለችና መልሳ ሞርሳው ላይ አሰረችልኝ።